የጅማ ካምፓሶች ኔትወርክ ከአንድ ቦታ ቢታዘዝ

የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች መሰጠት ከጀመረበት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ሸክሙ ሌላ ሆኗል። ድሮ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ተማሪው ያማርራል፣ መምህሩ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ይዞራል፣ ሬጅስትራር መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ ሥራው ግን ነገ ይደርሳል። ፈተናው በኮምፒውተር ሲሆን ነገ የሚባል ነገር የለም። የአራትና የአምስት ዓመት ልፋት በጥቂት ሰዓታት ይለካል፤ እነዚያ ሰዓታት ደግሞ በኮምፒውተር ላቦራቶሪው (በላቡ) ግድግዳ ላይ በተሰቀለው፣ ኮምፒውተሮቹን በሚያገናኘው ሳጥን፣ ማለትም በስዊቹ በኩል ያልፋሉ። በዚያው በ2015 መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገባ፤ በ2016 ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሉ በኦንላይን ተፈተኑ። እንደ ጅማ ያለ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ይህ ሁሉ ይመለከተዋል፤ ይህ ጽሑፍም የጅማ ዩኒቨርሲቲን ግቢዎች ኔትወርክ በሶፍትዌር ከአንድ ቦታ ስለማዘዝ ነው።

በፈተና ቀን ከኔትወርኩ የሚፈለገው ምንድን ነው? የላቡ ኮምፒውተሮች የፈተናውን ሰርቨር ብቻ እንዲያገኙ፣ ከዚያ ውጭ ኢሜይልም ሆነ መፈለጊያ ገጽ እንዳይከፈትላቸው፣ እርስ በርሳቸውም እንዳይገናኙ። ይህ የሚጸናው ፈተናው እስኪያልቅ ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያው ላብ መደበኛ ትምህርት ይሰጥበታል። በዚያው ሰዓት የዶርሙ ዋይፋይ ይቀጥላል፣ ግን የፈተናውን መስመር እንዳያጣብብ ይገደባል። የሆስፒታሉ ኔትወርክ ጨርሶ መነካት የለበትም። የአንድ ላብ መብራት ቢሄድ ተፈታኞቹ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወሩ ገደቡም አብሯቸው መዛወር አለበት።

ይህን በተለመደው አሠራር ለመፈጸም አንድ ባለሙያ በየሕንፃው ያሉትን ስዊቾች አንድ በአንድ እየገባ፣ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ በክፍል የሚለየውን ቅንብር) እየቀየረ፣ የክልከላ ዝርዝር እየጻፈ ሌሊቱን ያነጋል። ፈተናው ሲያልቅ ያንኑ ሁሉ መልሶ ያፈርሳል። አንድ ስዊች ከረሳ ወይ ተፈታኞቹ ሰርቨሩን አያገኙም፣ ወይ ማንም ሳያውቅ ሙሉ ኢንተርኔት ተከፍቶላቸው ይፈተናሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የመጀመሪያው ቢያንስ ወዲያው ጩኸት ያስነሳል።

አገራችን የፈተናን ጉዳይ በሌላ ጽንፍ ለመፍታት የሞከረችበት ጊዜም አለ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ከተሰረዘ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ለፈተናው ሲባል ኢንተርኔት በአገሪቱ ተዘጋ። ከፈተናው ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ነጋዴም፣ ዘመዱን ባሕር ማዶ የላከ ቤተሰብም አብሮ ተዘጋበት። የግቢ ኔትወርክ የተማሪን ሲም ካርድ ስለማይቆጣጠር፣ የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ የሆነው ቴክኖሎጂ ያን ውሳኔ ይተካው ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሁሉንም ከመዝጋትና አንድን ላብ ለሦስት ሰዓት ብቻ ከመገደብ መካከል ያለው ርቀት የመሣሪያ ርቀት ነው። በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክ፣ በአጭሩ ኤስዲኤን፣ የሚሰጠው ዋና ነገር ያ ልክና መጠን ያለው ቁጥጥር ነው። ለጅማና መሰል ግቢዎች የምደግፈውም በዚህ ምክንያት እንጂ ኢንተርኔቱን ያፈጥናል ብዬ አይደለም። አንድ ቅድመ ሁኔታም አለኝ፦ ደንቡን የሚጽፈው ዩኒቨርሲቲው ራሱ መሆን አለበት።

የተለመደው ስዊች ወይም ራውተር በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ መወሰን ነው፦ ይህ ፓኬት (መረጃ ተቆራርጦ የሚጓዝበት ቁራሽ) በየትኛው ፖርት ይውጣ፣ ይለፍ ወይስ ይጣል። ሁለተኛው ውሳኔውን መፈጸም፣ ማለትም ፓኬቱን በፍጥነት ማስተላለፍ ነው። ኤስዲኤን የመጀመሪያውን ከሳጥኑ አውጥቶ ኮንትሮለር በሚባል ሶፍትዌር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሳጥኖቹ ማስተላለፉ ይቀርላቸዋል። የመናኸሪያ ስምሪትን ማሰብ ይቻላል፤ ሾፌሮቹ ለየራሳቸው መስመር ከመምረጥ ይልቅ የሁሉንም መስመር ከሚያየው ስምሪት ክፍል መውጫ ይቀበላሉ።

ብዙ ሰው ይህ ሐሳብ ለግዙፍ ዳታ ሴንተሮች የተፈጠረ ይመስለዋል። የተወለደው ግን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ማርቲን ካሳዶና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ኤቴን የተባለ ሥርዓት ሠርተው 300 ገደማ ኮምፒውተሮች ያሉበትን የዩኒቨርሲቲውን ኔትወርክ ክፍል አስተዳደሩበት። በዓመቱ ኒክ ማኪዮንን፣ ስኮት ሼንከርንና ጄኒፈር ሬክስፎርድን ጨምሮ ስምንት ተመራማሪዎች ኦፕንፍሎው የተባለውን ፕሮቶኮል ያስተዋወቁበትን ጽሑፍ አወጡ፤ ርእሱ ላይ ራሱ የተጠቀሰው የካምፓስ ኔትወርክ ነው። ቅሬታቸው ቀላል ነበር። በግቢያችን ሺህ ስዊች አለ፣ አዲስ ሐሳብ የምንሞክርበት ግን አንድም የለም፤ ሳጥኖቹ በአምራቾቻቸው ተዘግተዋል። አምራቹ ውስጡን ሳይገልጥ፣ ቢያንስ ደንብ የምናስገባበት አንድ የታወቀ በር ይክፈትልን አሉ። እኔ ከዚህ የምይዘው ነገር ቢኖር ዩኒቨርሲቲ የዚህ ቴክኖሎጂ ገዢ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሐሳቡ የወጣው የግቢያቸው ኔትወርክ አልታዘዝ ካላቸው መምህራንና ተማሪዎች ነው፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የኮምፒውቲንግ ተማሪም ያው ጥያቄ አለው።

በሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። በስዊቹ ውስጥ የደንቦች ሠንጠረዥ አለ። እያንዳንዱ ደንብ መለያ፣ ድርጊትና ቆጣሪ አለው። መለያው ፓኬቱ በየትኛው ፖርት እንደገባ፣ የማክ አድራሻውን (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር)፣ ቪላኑን፣ የአይፒ አድራሻውን፣ የመሳሰለውን ያያል፤ በመጀመሪያው የኦፕንፍሎው ቅጂ፣ በ1.0፣ እንዲህ ያሉ 12 መስኮች ነበሩ፣ በኋላ በዙ። ድርጊቱ ማሳለፍ፣ መጣል፣ ወይም «ይህን አላውቀውም» ብሎ ወደ ኮንትሮለሩ መላክ ነው። ቆጣሪው ስንት ፓኬትና ስንት ባይት በዚያ ደንብ እንዳለፈ ይመዘግባል። ደንቦቹ የቅድሚያ ደረጃ ስላላቸው «ሁሉንም ጣል» ከሚለው በላይ «ወደ ፈተናው ሰርቨር የሚሄደውን አሳልፍ» የሚል ማስቀመጥ ይቻላል። ለአንድ የፈተና ላብ ዋናው ነገር እነዚህ ሁለት ደንቦች ናቸው፤ አድራሻ የሚሰጠውን አገልግሎትና ጥቂት አስፈላጊ ነገሮችን የሚያሳልፉ ይጨመሩባቸዋል።

በጣም የምወደው ክፍል የደንቡ ዕድሜ ነው። ደንብ ሲገባ «ከዚህ ሰከንድ በኋላ ራስህን አጥፋ» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ለሚሰጥ ፈተና 10,800 ሰከንድ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ስዊቹ ገደቡን በራሱ ያነሳል፤ ማንም መጥቶ ማፍረስ የለበትም፣ የተረሳ ስዊች የሚባል ነገርም አይኖርም። ፕሮቶኮሉ የሚፈቅደው ከፍተኛው ዕድሜ 65,535 ሰከንድ፣ ማለትም 18 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። ለፈተና ይተርፋል። ከዚያ የረዘመ ገደብ ሲያስፈልግ ኮንትሮለሩ ያድሰዋል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ አቀማመጥ ይህን ጉዳይ የበለጠ ያጎላዋል። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ሁለት ተቋማት ተዋሕደው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት። በአንድ ቀን ታቅዶ የተሠራ ግቢ አይደለም። ዋናው ግቢ አለ፣ ኪቶ ፉርዲሳ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ አለ፣ የግብርናና የእንስሳት ሕክምናው ለብቻው ነው፣ የቢዝነስና ኢኮኖሚክሱም እንዲሁ፣ ሌላው ግቢ ያለባት አጋሮ ደግሞ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዚህ ላይ ለደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ዋና ሪፈራል የሆነው የሕክምና ማዕከል አለ። እንዲህ ቀስ በቀስ ያደገ ተቋም የትም አገር ቢሆን ኔትወርኩ በየዘመኑ ጨረታ የተገዛ፣ የአምራቹ ዓይነት የበዛ፣ ማን ለምን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ደንብ የተጠራቀመበት ይሆናል።

እዚህ ላይ የኤቴን ሰዎች ካነሷቸው ሐሳቦች ጥልቁን አስባለሁ። ደንብ የሚጻፈው በአይፒ አድራሻ ሳይሆን በሰውና በሥራ ስም ይሁን አሉ። አንዲት የሕክምና ተማሪ ጠዋት ዎርድ ውስጥ ናት፣ ከሰዓት ዋናው ግቢ ላይብረሪ፣ ማታ ዶርም። በተለመደው አሠራር ኔትወርኩ የሚያያት እንደ ሦስት የተለያዩ አድራሻዎች ነው፤ የሚፈቀድላትም የሚወሰነው በየትኛው ግድግዳ ላይ ባለ ሶኬት እንደተሰካች ነው። ስለዚህ የታካሚ መረጃ ያለበት ሰርቨር «ከሆስፒታል ሕንፃ ለሚመጣ ሁሉ» ክፍት ይደረጋል፤ ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ላፕቶፑን የሰካ ማንም እንግዳ ጭምር ማለት ነው። በስም የሚጻፍ ደንብ ግን «የሕክምና ባለሙያ፣ በተመዘገበ መሣሪያ፣ ወደ ታካሚ መዝገብ» ይላል፤ ሰውዬው የትም ይሁን የት ደንቡ ይከተለዋል። ለዚህ ሰው ሲገባ ማንነቱን የሚያረጋግጥ፣ 802.1ኤክስ የሚባለው አሠራርና ከጀርባው የመለያ ሰርቨር ያስፈልጋል። እነሱ ሳይኖሩ ኮንትሮለር መግዛት ማንን እንደሚያዝ የማያውቅ አለቃ መሾም ነው።

በብዙ ግቢ እስካሁን ሰው የሚለየው የስልኩን ማክ አድራሻ በማስመዝገብ ነው። ይህ ዘዴ አብቅቶለታል። አንድሮይድ 10 ከወጣበት ከ2019፣ አይኦኤስ 14 ከወጣበት ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስልኮች ለየኔትወርኩ የተለያየ፣ በዘፈቀደ የተፈጠረ አድራሻ ያሳያሉ። ማንነትን በይለፍ ቃል ወይም በሰርተፍኬት የማረጋገጡን ሥራ ማስቀደም የሚገባው ለዚህም ነው፤ ኤስዲኤን ባይመጣ እንኳ አይባክንም።

አሁን ወደ መብራት። በጅማ ስለ ኔትወርክ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ተቃውሞ ይህ ነው፣ ተገቢም ነው። ውሳኔውን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስበን ያ ቦታ መብራት ቢጠፋበትስ?

መልሱ ደንቦቹ የሚገቡበት ዘዴ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንደኛው መንገድ እያንዳንዱ አዲስ ግንኙነት ሲጀመር የመጀመሪያው ፓኬት ወደ ኮንትሮለሩ ሄዶ ውሳኔ ይዞ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ለጥናት ያምራል፤ ለእኛ አይሆንም። ኮንትሮለሩ ሲጠፋ አዲስ ግንኙነት ሁሉ ይቆማል፤ ሳይጠፋም ቢሆን አንድ ቫይረስ የያዘው ኮምፒውተር በሰከንድ ሺህ አድራሻ ሲያንኳኳ ጥያቄው ሁሉ ኮንትሮለሩ ላይ ይዘንባል። ሁለተኛው መንገድ ደንቦቹን አስቀድሞ ስዊቾቹ ውስጥ ማስገባት ነው። ያን ጊዜ ኮንትሮለሩ የሚያስፈልገው ለለውጥ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት ቢጠፋ የትናንቱ ደንብ መሥራቱን ይቀጥላል። ለካምፓስ ዓይነት ኔትወርክ ታስቦ የተጻፈው፣ የኒውዚላንዱ ዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተሳተፉበት ፎሴት የተባለ፣ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ኮንትሮለር ወደዚህ ያደላል።

ስዊቹ ኮንትሮለሩን ሲያጣ የሚያደርገውም አስቀድሞ ይመረጣል። ኦፕን ቪስዊች በተባለው ነፃ የሶፍትዌር ስዊች ለምሳሌ ሁለት ምርጫ አለ፦ በተሰጠው ደንብ ብቻ መጽናት፣ ወይም ወደ ተራ ስዊችነት ተመልሶ ሁሉንም ማስተላለፍ። ለዶርም ሁለተኛው ይሻላል፤ ተማሪው ኢንተርኔት ያግኝ። ለፈተና ላብና ለታካሚ መዝገብ የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ኮንትሮለር ጠፋ ተብሎ ገደቡ መፍረስ የለበትም። ይህ ምርጫ ለየሕንፃው ተለይቶ በጽሑፍ መቀመጥ ያለበት የአስተዳደር ውሳኔ ነው፤ ለቴክኒሻን ግምት የሚተው አይደለም። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ገደቡ የተጻፈበት ስዊች ራሱ ጠፍቶ ከተነሳ ሠንጠረዡ ባዶ ሆኖ ሊነሳ ይችላል፤ ኮንትሮለሩ በዚያ ቅጽበት ከሌለ የሚሞላለት የለም። ስለዚህ የላቡ ስዊች ከላቡ ኮምፒውተሮች በፊት ዩፒኤስ ይገባዋል።

ኮንትሮለሩንም ማብዛት ይቻላል። ከኦፕንፍሎው 1.2 ጀምሮ አንድ ስዊች ከብዙ ኮንትሮለሮች ጋር ተገናኝቶ አንዱን እንደ ዋና መቀበል ይችላል። ሦስት ኮንትሮለሮች ተባብረው ሲሠሩ አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ይቀጥላሉ። ሦስቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዩፒኤስ፣ በአንድ ጀነሬተር ሥር ከተደረደሩ ግን ብዛታቸው ለሪፖርት ካልሆነ አይጠቅምም። በጅማ አንዱን ዋናው ግቢ፣ አንዱን ኪቶ ፉርዲሳ፣ አንዱን ሕክምና ማዕከሉ ጋ ማስቀመጥ ይመስለኛል ትክክሉ፤ ሆስፒታል ጀነሬተሩን ቶሎ የሚያስነሳ ቦታ ነው። አጋሮ የራሷ ይኑራት። በ45 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ፋይበር በቁፋሮ ሊቆረጥ ይችላል፤ የአጋሮ ላብ ከአጋሮ ሰርቨር ጋር ለመገናኘት የጅማን ፈቃድ መጠበቅ የለበትም።

ስለ ፍጥነት አጭር ነገር ልበል፤ ሻጮች በዚህ በኩል ብዙ ያጋንናሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ቢ4 ስለተባለው፣ ዳታ ሴንተሮቹን ስለሚያገናኘው ኔትወርክ ሲጽፍ፣ በተለመደው ዘዴ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ጥቅም ላይ የሚውሉ መስመሮችን በኤስዲኤን ወደ መቶ በመቶ ማስጠጋቱን ገለጸ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ጉግል በሁለቱም ጫፍ ያሉት ኮምፒውተሮች የራሱ ናቸው፣ የትኛው መረጃ ሊዘገይ እንደሚችል እሱ ይወስናል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር የሚሄደው መስመር ግን የቴሌኮም ኦፕሬተሩ ነው፤ ስፋቱም በተከፈለው ልክ ነው። ኤስዲኤን ያን ቧንቧ አያሰፋም። የሚያደርገው በግቢው ውስጥ ማን ስንት ይውሰድ የሚለውን በፍትሕ ማካፈል ነው። ከኦፕንፍሎው 1.3 ጀምሮ በደንብ ላይ የመጠን ገደብ ማያያዝ ይቻላል፤ ቀን ላይ የላይብረሪው ድርሻ እንዲሰፋ፣ ሌሊት ደግሞ ወደ ዶርም እንዲዛወር ማድረግ ይቻላል። በግቢው ሁለት ሕንፃዎች መካከል ሁለት ፋይበር ካለም፣ አንዱ በተለመደው የዛፍ ፕሮቶኮል (መስመር ዙር እንዳይፈጥር ትርፉን በሚዘጋው ደንብ) ምክንያት ሥራ ፈቶ ከመቀመጥ ይድናል። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባ ሻጭ ሲመጣ ማስረጃ ይጠየቅ።

ገንዘቡ ከቴክኒኩ የባሰ ከባድ ጥያቄ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ «ኤስዲኤን» ተብሎ ለካምፓስ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር ከኦፕንፍሎው ርቋል። ትልልቆቹ አምራቾች የራሳቸውን ኮንትሮለር ከራሳቸው ስዊች ጋር አስተሳስረው፣ በየዓመቱ ወይም በየሦስትና አምስት ዓመቱ በሚታደስ ላይሰንስ ይሸጣሉ። በቴክኒክ ደረጃ ጥሩ ዕቃ ነው፤ የሲስኮው ለምሳሌ በቪኤክስላን ላይ የተገነባ ነው፣ ይህም በቪላን ከነበረው የ4,094 ክፍልፋይ ወሰን ወደ 16 ሚሊዮን ገደማ ያሻግራል። ችግሩ ክፍያው በዶላር መሆኑ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 10,000 ዶላር ላይሰንስ የሚከፍል ተቋም በ570,000 ብር ገደማ የሚዘጋው ሂሳብ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ሆነበት ማለት ነው፤ ኔትወርኩ ላይ አንድ ፖርት እንኳ ሳይጨመር። በጀት የሚጸድቀው በብር ነው። ላይሰንሱ ሳይታደስ ሲቀር ደግሞ እንደ ውሉ ዓይነት ማሻሻያ ይቆማል፣ አንዳንዱም ኮንትሮለሩን ከነጭራሹ ይቆልፋል።

ሌላው ኮንትሮለሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። አንዳንድ ምርቶች ኮንትሮለራቸው ባሕር ማዶ፣ ክላውድ ውስጥ ነው። የወጪው መስመር ሲቋረጥ ስዊቾቹ ባላቸው ደንብ ይቀጥላሉ፣ መለወጥ ግን አይቻልም። ከላይ እንዳነሳሁት በዚህ አገር በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት የተዘጋበት ታሪክ አለ። ኔትወርኩን በትክክል ማዘዝ የሚያስፈልገን ቀንና ክላውዱ ላይ መድረስ የማንችልበት ቀን አንድ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ ኮንትሮለሩ ጅማ ውስጥ፣ የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ መቀመጥ አለበት።

ክፍት የሆነው መንገድም ችግር አለበት፣ አልሸፍነውም። በኦፕንፍሎው ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው ፋውንዴሽን በ2023 መጨረሻ ሥራዎቹን ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን አዛወረ፤ ለትምህርት ብዙ ያገለገለው ሪዩ ኮንትሮለር ዛሬ በንቃት የሚያሻሽለው የለም። ርካሽ ስዊቾች «ኦፕንፍሎው ይደግፋል» ተብሎ ተጽፎባቸው በሃርድዌር የሚይዙት የደንብ ብዛት ጥቂት ሺህ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ ሲያልፍ አንዳንዱ በፕሮሰሰሩ ማስተላለፍ ይጀምርና ይንፏቀቃል። ስለዚህ ያለውን ሁሉ ነቅሎ በአዲስ መተካት ማንም አይምከር። ትልልቆቹ መካከለኛ ስዊቾች ባሉበት ይቀጥሉ፤ አዲሱ አሠራር ደንብ በሚጸናበት ጫፍ ላይ፣ በላብና በሰርቨር ክፍል ይጀምር። ኦፕንፍሎው የማይናገሩትን ነባር ሳጥኖች ደግሞ እንደ አንሲብል ባለ ነፃ መሣሪያ ከአንድ የጽሑፍ ፋይል ማዋቀር ይቻላል። ንድፈ ሐሳቡን በጥብቅ የሚያዩ ሰዎች ይህ ኤስዲኤን አይደለም ይላሉ። ይሁን፤ ለግቢው ግን የጥቅሙን ግማሽ ይሰጣል።

የዚያ ጥቅም ትልቁ ክፍል ደግሞ የሚታየው ሰው ሲለቅ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጎበዝ የኔትወርክ ባለሙያ ባንክ ይወስደዋል፣ ቴሌኮም ይወስደዋል፣ ከአገር ይወጣል። ሲሄድ የኔትወርኩ እውቀት አብሮት ይሄዳል፤ የቀረው ሰው ስዊቹን ለመንካት እንኳ ይፈራል፣ ምን ላይ እንደተያያዘ አያውቅማ። የኔትወርኩ ደንብ ሁሉ በጽሑፍ ፋይል ሲቀመጥ፣ ለውጡ ሁሉ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው ተመዝግቦ ሲቆይ፣ ተተኪው የሦስት ዓመቱን ታሪክ ማንበብ ይችላል። የተበላሸ ለውጥ ካለ ወደ ትናንቱ ፋይል መመለስ የደቂቃ ሥራ ይሆናል። የዶላሩም የፍጥነቱም ክርክር ባይኖር እንኳ ለዚህ ብቻ ብዬ እደግፈው ነበር።

የሚጽፈው ሰው ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ግቢው ውስጥ አለ። በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምፒውቲንግና ኤሌክትሪካል የሚማሩ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከስታንፎርድ የወጣው ሚኒኔት የተባለ ነፃ ሶፍትዌር በአንድ ተራ ላፕቶፕ ውስጥ ብዙ ስዊችና ኮምፒውተር ያለበት ኔትወርክ ይፈጥራል፤ እዚያ የተጻፈው ደንብ ብዙም ሳይለወጥ ወደ እውነተኛው ስዊች መሄድ ይችላል። ተማሪ በሚሞክረው ነገር የሬጅስትራር ሥራ እንዳይስተጓጎል የሚለው ስጋት መልስ ያገኘው ገና እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ፍሎውቫይዘር የተባለው ሥርዓት አንዱን ኔትወርክ ለሙከራና ለመደበኛ ሥራ ከፋፍሎ፣ ሙከራው ከድርሻው እንዳይወጣ አደረገ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ያስተማረ፣ ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ ሰፈርና ገጠር የሚያሰማራ ተቋም ነው። የራሱ ግቢ ኔትወርክም ለተማሪው እንዲህ ያለ መስክ ሊሆን ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሁሉንም የሚያዝ ኮንትሮለር ሁሉንም ያያል። የይዘቱ አብዛኛው ስለሚመሰጠር የተማሪን መልእክት አያነብም፤ ማን፣ መቼ፣ ከየት፣ ወደየትኛው አድራሻ፣ ምን ያህል እንደሄደ ግን ይመዘግባል፤ በስም ከሆነ ደግሞ በስሙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግ ጉዳይ ነው። መዝገቡ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሲጠይቅ በማን ፊርማ እንደሚሰጥ ኮንትሮለሩ ከመተከሉ በፊት በሴኔት ደረጃ መወሰን አለበት። ወደ ኮንትሮለሩ የሚወስደው በርም እንዲሁ ነው። የኦፕንፍሎው ግንኙነት በምስጠራ መጠበቁ ከ1.0 በኋላ ባሉት ቅጂዎች በፈቃድ የተተወ ስለሆነ፣ ብዙ ቦታ ሳይበራ ይቀራል። ያን በር ያገኘ ሰው ግቢውን በሙሉ ያገኘዋል።

ጨረታ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ካነበቡ በቴክኒክ መግለጫው ላይ ጥቂት መስመር ይጨምሩ። ስዊቹ ኦፕንፍሎው 1.3ን በሃርድዌር ደረጃ፣ ካልሆነም ኔትኮንፍና ያንግን (መሣሪያን ከሩቅ በሶፍትዌር ለማዋቀር የሚያገለግሉ የታወቁ መስፈርቶችን) ይደግፍ፤ በሃርድዌር ስንት ደንብ እንደሚይዝ በቁጥር ይገለጽ፤ ምስጠራው አብሮ ይምጣ፤ ኮንትሮለሩ በግቢው ውስጥ ይተከል፤ ላይሰንሱ ሲያልቅ ምን እንደሚቆም በውሉ ላይ ይጻፍ። ዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል በሚባልበት የግዥ ሥርዓት መግለጫው ላይ ያልተጻፈ ነገር አይመጣም።

ሙከራው አንድ ሕንፃ ይበቃዋል፤ ኪቶ ፉርዲሳ ካሉት የኮምፒውተር ላቦች አንዱ። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቢሆን ከሰኔና ሐምሌ የፈተና ሰሞን ይርቃል፣ ዝናቡም ጋብ ይላል። በሙከራው መጨረሻ ተማሪዎች ላቡ ውስጥ ተቀምጠው የመለማመጃ ፈተና ሲሠሩ የኮንትሮለሩ ገመድ ሆን ተብሎ ይነቀል፣ ተመልሶ ከተሰካ በኋላ ደግሞ የላቡ ስዊች ይጥፋና ይነሳ። ገደቡ በሁለቱም ጊዜ ከጸና፣ ተፈታኞቹም ስዊቹ እስኪነሳ ካለው ጊዜ በቀር ምንም ካልተሰማቸው፣ ወደ ሁለተኛው ሕንፃ መሄድ ይቻላል።